ያረጀው ጥያቄው ሳይሆን መልሱ ነው

አንደኛው የዓለም ጦርነት ለምን ተነሳ? ሮም ለምን ወደቀች? ሐምሌት የአባቱን ደም ለመበቀል ለምን ያን ያህል ዘገየ? በጥንቱ የግሪክ ትራጄዲ ከአንቲጎኔና ከክሬዮን እውነቱ የማን ነው? ባህልና ዘመናዊነት አብረው ይሄዳሉ ወይስ ይጋጫሉ? ታሪክ ወይ ስነ ጽሁፍ የተማረ ሰው የትም አገር ይማር የት ከነዚህ ባንዱ ላይ እንኳን ኢሴይ ሳይጽፍ አልተመረቀም ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ የተማሪ ረቂቅ ማንበብ ስራዬም ፍቅሬም ስለሆነ እነዚህን ርዕሶች ደጋግሜ አገኛቸዋለሁ፣ እና ሁሌ የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ፦ «በዚህ ላይ እኮ ስንትና ስንት ሰው ጽፏል፣ እኔ ምን አዲስ ነገር እላለሁ?» ይሉኛል። ቅሬታው ይገባኛል፣ ግን አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

እኔ እንደማምነው ያረጀው ጥያቄው አይደለም፣ መልሱ ነው። ጥያቄው አሁንም የሚሰጠው እኮ ዛሬም ድረስ ትልልቅ ምሁራን የሚከራከሩበት ስለሆነ ነው። ግን ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚዞር አንድ የተዘጋጀ መልስ አለ፣ አራት ነጥብ፣ መግቢያ፣ ማጠቃለያ፣ አለቀ፣ ይሄ መልስ ከአንዱ ተማሪ ወደሌላው፣ ከአንዱ ዌብሳይት ወደሌላው ሲተላለፍ ኖሮ ነፍሱ ወጥቷል። ተማሪው የሚሰለቸው በዚህ ነው እንጂ በሮም ወይ ጦርነቱን የጫረው ግድያ በተፈጸመባት በሳራዬቮ አይደለም። መፍትሄው ደግሞ ሌላ ማንም ያልነካው ርዕስ ፍለጋ መንከራተት ሳይሆን እዚያው ርዕስ ውስጥ አንድ ጠባብ ነገር፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ህግ መርጦ በሱ በኩል መግባት ነው። ይሄን በደፈናው ብናገር ወሬ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ላሳያችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከጦርነቱ ልጀምር። የተዘጋጀውን መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ሚሊታሪዝም (በጦር ኃይል መመካት)፣ የመንግስታቱ የርስበርስ ቃል ኪዳን፣ ኢምፔሪያሊዝም (የሰው አገር መቀራመት)፣ ብሔርተኝነት። አራቱም እውነት ናቸው። ግን አራቱም በ1905ም ነበሩ፣ በ1911ም ነበሩ፣ በ1913ም ነበሩ። ሞሮኮ ላይ ሁለት ጊዜ ቀውስ ተነስቶ ሁለቱንም ጊዜ በድርድር በረደ፣ በ1912 እና በ1913 ባልካን ውስጥ ሁለት ጦርነት ተካሂዶ ትልልቆቹ መንግስታት እርስ በርስ ሳይተኳኮሱ አለፈ። እና አራቱ ነጥቦች ጦርነት ሊነሳ ይችል እንደነበር ይነግሩናል እንጂ ለምን በዚያ ዓመት፣ በዚያ ወር እንደተነሳ አይነግሩንም።

እኔ ለተማሪ የምሰጠው ጥያቄ ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። የኦስትሪያ-ሃንጋሪው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድና ባለቤቱ ሶፊ ሳራዬቮ ውስጥ የተገደሉት ጁን 28 ቀን 1914 ነው፣ የተኮሰው የቦስኒያ ሰርቡ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ለሰርቢያ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ የሰጠችው ግን ጁላይ 23 ነው። መሃል ላይ 25 ቀን አለ። ለምን 25 ቀን ጠበቀች? ሰው ሁሉ ሀዘኑ ትኩስ እያለ ለኦስትሪያ ያዝን ነበር፣ ወዲያው ብትዘምት ኖሮ ምናልባት ብዙ ሰው ባልፈረደባት ነበር፣ እሷ ግን ያ ሀዘኔታ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቀች።

ይሄን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ስትገቡ የምታገኙት ነገር ይገርማል። አንደኛ፣ የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢሽትቫን ቲሳ እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ ጦርነቱን ይቃወም ነበር፣ በመጨረሻ ሲስማማም የሰርቢያን መሬት ወደኛ አንቀላቅልም የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነው፣ ምክንያቱም ግዛቱ ውስጥ የስላቭ ህዝብ ቁጥር በጨመረ መጠን የሃንጋሪዎቹ ድርሻ ይሳሳል። ሁለተኛ፣ ከጦሩ ብዙው ለመኸር ስራ ፈቃድ ተሰጥቶት ወደየእርሻው ሄዷል፣ ድንገት ቢጠሩት እህሉ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ባቡሩ ይጨናነቃል፣ በዚያ ላይ ምን እንደታሰበ ዓለም ሁሉ ያውቅባቸዋል። ሶስተኛ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ሬይሞን ፖዋንካሬ ከጁላይ 20 እስከ 23 ሩሲያ ውስጥ የዛሩ እንግዳ ነበር፣ ማስጠንቀቂያው እሱ እዚያ እያለ ቢደርስ ሁለቱ አጋሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይመክሩበታል፣ ስለዚህ ቪየና እሱ ከሩሲያ እስኪነሳ ጠበቀች። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ጀርመን ጁላይ 5 እና 6 ላይ የወሰናችሁትን ወስኑ ከጎናችሁ ነኝ ብላ የሰጠችው ቃል አለ።

አሁን ልብ በሉ፣ ብሔርተኝነቱም፣ ጦሩም፣ ቃል ኪዳኑም ሁሉም ተመልሰው መጡ፣ ግን በባዶ ስም አይደለም። ብሔርተኝነት የቲሳ ስጋት ሆኖ መጣ፣ ሚሊታሪዝም ማሳ ውስጥ ያለ ወታደር ሆኖ መጣ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ ቃል ኪዳን የአንድ ሰው የጉዞ ፕሮግራም ሆኖ መጣ። ተማሪው ሶስት ገጽ ቢጽፍ ሶስቱም ገጽ ውስጥ ሰው አለ። እኔን ደግሞ እስካሁን የሚያመኝ ነገር አለ፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ቪልሄልም ከኖርዌይ የመርከብ ጉዞው ተመልሶ ጁላይ 28 ጠዋት ሰርቢያ የሰጠችውን መልስ ሲያነብ ለጦርነት ምንም ምክንያት አልቀረም ብሎ በእጁ ጻፈ፣ በዚያው ቀን ኦስትሪያ ጦርነት አወጀች። የሱ ሃሳብ ቪየና የደረሰው ዘግይቶ፣ ያውም ለዝቦ ነው። ከሳምንት በኋላ አብዛኞቹ የአውሮፓ ትልልቅ መንግስታት ውስጡ ነበሩ።

ምሁራኑም ቢሆኑ አልተስማሙም እኮ። ጀርመናዊው የታሪክ ምሁር ፍሪትዝ ፊሸር በ1961 ዋናው ተጠያቂ የጀርመን መሪዎች ናቸው ብሎ ሲጽፍ አገሩ ውስጥ ትልቅ ሙግት ተነሳ፣ በ2012 ደግሞ ክሪስቶፈር ክላርክ ጥፋቱን ለሁሉም ያከፋፈለ መጽሐፍ አወጣ። መቶ ዓመት ሙሉ ያልተዘጋ ክርክር ነው። አንድ ተማሪ በ25ቱ ቀን ላይ ተመስርቶ ወደ አንዱ ወገን ቢያጋድል የሰው መልስ ገለበጠ አይባልም፣ የራሱን ክርክር አቀረበ ነው የሚባለው።

ሮም ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንድ ቁጥር ብቻ ልንገራችሁ። አሌክሳንደር ዴማንት የሚባል ጀርመናዊ የታሪክ ምሁር በ1984 ባወጣው መጽሐፍ ሰዎች በየዘመኑ ለሮም መውደቅ የሰጡትን ምክንያት ሰብስቦ 210 አደረሰው። ይሄን የሰማ ተማሪ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል፣ እኔ ግን ነጻ የሚያወጣ ቁጥር ነው ባይ ነኝ፣ 211ኛውን እንድታመጡ የሚጠብቅባችሁ ሰው የለማ። ከዚያ ይልቅ 477 ላይ ሮም ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ምን የተለወጠ ነገር አየ ብላችሁ ጠይቁ። ከዓመት በፊት በ476 ኦዶአከር የሚባል የጦር አዛዥ ልጅ እግሩን ንጉሥ ሮሙሉስ አውጉስቱሉስን ከዙፋኑ አውርዶታል፣ አልገደለውም፣ ጡረታ ቆርጦ ወደ ካምፓኒያ ላከው፣ የንግሥናውን ምልክቶች ደግሞ ወደ ምስራቁ የሮም መንግስት ዋና ከተማ ወደ ቁስጥንጥንያ ሰደዳቸው። ሴኔቱ መሰብሰቡን አላቆመም፣ ምስራቁ ክፍል ደግሞ እስከ 1453 ቆየ።

ታዲያ ምንም አልተለወጠም ማለት ነው? የታሪክ ምሁሩ ፒተር ብራውን በ1971 ዘመኑን እንደ ውድቀት ሳይሆን እንደ ሽግግር እንድናየው አደረገን፣ አዲስ ሃይማኖት፣ አዲስ ስዕል፣ አዲስ አስተሳሰብ እየተወለደ ነበር አለ። ብራያን ዋርድ-ፐርኪንስ ደግሞ በ2005 ቆይ እስቲ ብሎ የጣሪያ ሸክላ አሳየን። በሮም ጊዜ ጣሊያን ውስጥ የከብት በረት ሳይቀር ሸክላ ጣሪያ ነበረው፣ በኋላ ግን ሸክላው ጠፍቶ አብዛኛው ሰው ሳር ክዳን ስር ገባ። ለኔ ይሄ ክርክር ከ210ሩ ምክንያት ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሃሳብ እያበበ ጣሪያ ሊፈርስ ይችላል፣ አንድ ተማሪ የጣሪያውን ወገን ይዞ ቢጽፍ እኔ በደስታ አነባለሁ።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ፣ አንቲጎኔ። የግሪኩ ደራሲ ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 441 አካባቢ የጻፈው ትራጄዲ ነው፣ ታሪኩን ለረሳ ሰው፦ ሁለት ወንድማማቾች ለቴብስ ዙፋን ተዋግተው ተገዳደሉ፣ አዲሱ ንጉሥ ክሬዮን አንዱን በክብር ቀበረው፣ አገሩ ላይ ጦር ያመጣውን ፖሊኒሴስን ግን ማንም እንዳይቀብረው፣ የቀበረ ይሙት ብሎ አወጀ። እህታቸው አንቲጎኔ አፈር አለበሰችው፣ ተያዘች፣ ከነህይወቷ ዋሻ ውስጥ ተዘጋባት። ንጉሡ በመጨረሻ ልቡ ሲመለስ እሷ ራሷን ሰቅላለች፣ እጮኛዋ የነበረው የራሱ ልጅ ሄሞንም ሞተ፣ ንግሥቲቱም ተከተለች።

የተዘጋጀው መልስ የፈላስፋው የሄግል ነው፣ ወይ ቢያንስ ከሱ የወረደ ነው፦ የመንግስት ህግና የቤተሰብ ህግ ተጋጩ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ትራጄዲውም እዚያ ላይ ነው። ጥሩ መልስ ነው፣ አልንቀውም። ግን ተማሪው ይሄን ጽፎ ሲጨርስ ልጅቷ ከቴክስቱ ትጠፋለች፣ የሆነ ሃሳብ ወኪል ትሆናለች በቃ። በዚያ ላይ ይሄ ቴአትር በየዘመኑ የተለያየ ሰው እጅ ገብቶ ሚዛኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። ፓሪስ በናዚ ጀርመን ስር እያለች በ1944 የዣን አኑዊ አንቲጎኔ መድረክ ላይ ስትወጣ አንዳንዱ ተመልካች ናዚዎቹን በህቡዕ የሚታገለውን የሬዚስታንሱን ድምጽ ሰማባት፣ ሌላው ደግሞ ደራሲው ለክሬዮን አድልቷል ብሎ ተቆጣ። ሮበን ደሴት እስር ቤት ውስጥ እስረኞቹ ቴአትሩን ሲያዘጋጁ ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ የተጫወተው ማንን መሰላችሁ? ክሬዮንን። ያን የመሰለ እስረኛ የንጉሡን ቃል በራሱ አፍ ሲናገር ምን ተሰምቶት ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

እኔ ተማሪን የምልከው ግን ወደ መጨረሻው አካባቢ ወዳሉ ጥቂት መስመሮች ነው፣ ከ904 እስከ 920 ድረስ ያሉት። አንቲጎኔ ወደ ዋሻው እየተወሰደች ነው፣ መሞቷ ነው፣ እና እንዲህ የሚል ነገር ትናገራለች፦ የሞተው ልጄ ቢሆን ወይ ባሌ ቢሆን ኖሮ ከተማውን ተጋፍቼ ይሄን አላደርግም ነበር፣ ባል ቢሞት ሌላ ባል አለ፣ ልጅ ቢሞት ሌላ ልጅ ይወለዳል፣ እናትና አባቴ ግን መቃብር ስለገቡ ሌላ ወንድም አይወለድልኝም።

ይሄን ካነበባችሁ በኋላ ወደ ኋላ ሂዱና ንጉሡ ፊት የተናገረችውን ተመልከቱ። እዚያ ያለችው አንተ ያወጣኸው አዋጅ ያልተጻፈውንና የማይሻረውን የአማልክት ህግ አይበልጥም ነው። ታዲያ የአማልክቱ ህግ ሙታን ይቀበሩ የሚል ከሆነ ባልስ ሲሞት መቀበር የለበትም እንዴ? ልጅስ? መርህዋ የት ሄደ? አንባቢ ለዘመናት በዚህ ተቸግሯል። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በ1827 ከወዳጁ ከኤከርማን ጋር ሲጨዋወት ይሄን ቦታ ምነው አንድ ሊቅ ተነስቶ ሶፎክልስ የጻፈው አይደለም ብሎ ባስረዳኝ አይነት ምኞት ተመኝቷል፣ አንዳንድ አርታኢዎችም በኋላ የገባ ጭማሪ ነው ብለውታል። ግን አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ይሄንኑ ንግግር ጠቅሶታል፣ እንግዲህ ጭማሪም ከሆነ በጣም የቆየ ጭማሪ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ አለ፦ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ኢንታፈርኔስ የሚባል መኳንንቱን ከነወንድ ዘመዶቹ ሊገድል ያዘ፣ ሚስቲቱ ደጃፉ ላይ እየተመላለሰች ስታለቅስ አንዱን ምረጪና ልማርልሽ አላት፣ እሷ ወንድሟን መረጠች፣ ምክንያቷም ያው የአንቲጎኔ ምክንያት ነው። ዳርዮስ በመልሷ ተደንቆ የበኩር ልጇንም ጨምሮ ለቀቀላት። አሁን ልዩነቱን እዩ። የዚያችኛዋ ወንድም በህይወት አለ፣ ብትመርጠው ይተርፍላታል፣ ስለዚህ ስሌቷ ይሰራል። የአንቲጎኔ ወንድም ግን ሞቷል፣ ሌላ ወንድም ባይወለድም እሱን አይመልሰውም። ስሌቱ አይሰራም።

ለኔ ሰውነቷ የሚገለጠው እዚህ ጋ ነው። አደባባይ ላይ በንጉሥ ፊት መርህ የተናገረች ልጅ ሞቷ ሲቀርብ ለራሷ ማስረጃ እየፈለገች ነው፣ ለምን እንደምትሞት ለራሷ እየነገረች ነው፣ እና የምታገኘው ምክንያት ጎደሎ ነው፣ ግን ከሁሉ በላይ የሷ ነው። ሰው የሚሞትለትን ነገር ሁሌ በትክክል ያብራራል ያለው ማን ነው? ይሄ የኔ ንባብ ነው፣ ሌላው ሰው ጭማሪ ነው ብሎ ሊቆርጠው ይችላል፣ እና ሁለታችንም ልንከራከር እንችላለን ቴክስቱን ይዘን። አንድ ተማሪ በእነዚህ መስመሮች ላይ ብቻ ሙሉ ኢሴይ ቢጽፍ ስለ መንግስትና ህሊና የሚባለው ነገር ሁሉ ሳይጠራ ይመጣለታል። ለዚህ ነው ርዕሱ አልቋል ሲሉኝ የማዝነው።

ወደ ሐምሌት ስንመጣ፣ ለምን ዘገየ ለሚለው እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ ማሰብ አብዝቶ ማድረግ ስላቃተው ነው አለ፣ የስነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ ደግሞ አጎቱ ያደረገው ነገር፣ አባቱን ገድሎ እናቱን ማግባቱ፣ የራሱ የሐምሌት የተደበቀ ምኞት ስለሆነ ነው አለ፣ እና ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። አብዛኛው ሰው ማስረጃ ብሎ የሚጠቅሰው ደግሞ አራተኛው ገቢር ውስጥ ያለውን ንግግር ነው፣ የኖርዌዩ ልዑል ፎርቲንብራስ ለአንዲት ቁራሽ መሬት ጦሩን ይዞ ወደ ፖላንድ ሲያልፍ ሐምሌት አይቶ እነዚህ በከንቱ ነገር ሲሞቱ እኔ በቂ ምክንያት ይዤ ቆሜ ቀረሁ ብሎ ራሱን የሚወቅስበትን።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር ግን ይሄ ንግግር በአንዳንዱ ጥንታዊ ህትመት ውስጥ እንደሌለ ነው። ቴአትሩ በሶስት መልክ ነው የደረሰን፣ አጭሩ የ1603 ህትመት፣ ረጅሙ የ1604 እና 1605፣ ከዚያ ሼክስፒር ከሞተ በኋላ የወጣው የ1623 ትልቅ ጥራዝ። ንግግሩ ያለው ረጅሙ፣ ሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ማለት 1623 ላይ መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበ ሰው ሐምሌት ስለ መዘግየቱ በጣም የተናገረበትን ቦታ አላየውም። መዘግየቱ ራሱ አልጠፋም፣ የአባቱ መንፈስ እናቱ ክፍል ውስጥ መጥቶ የደነዘዘውን ቁርጥ ሃሳብህን ልስል መጣሁ የሚለው በረጅሙም በ1623ቱም ላይ አለ፣ ተዋናዩ ሲያለቅስ አይቶ ራሱን የሚሰድብበትም አለ። ግን ክብደቱ ይለያያል። ስለዚህ ሐምሌት ለምን ዘገየ ከማለታችን በፊት የቱ ሐምሌት ማለት ያስፈልጋል። በጸጋዬ ገብረመድኅን አማርኛ ያነበባችሁትም ብትሆኑ ይሄን ጥያቄ ይዛችሁ ያንን አራተኛ ገቢር ድጋሚ ብትገልጡት ደስ ይለኛል።

ባህልና ዘመናዊነት የሚለው ርዕስ ከሁሉም ይልቅ ባዶ ሆኖ የሚጻፍ ነው። ባህል የትናንት ነው፣ ዘመናዊነት የዛሬ ነው፣ ማመጣጠን ያስፈልጋል፣ አለቀ። ለዚህ ደግሞ የስኮትላንዱን ልብስ እጠቅሳለሁ። የብሪታንያ መንግስት በ1746 ካሸነፈው አመጽ በኋላ ያመጹበትን የስኮትላንድ ደጋ (ሃይላንድ) ሰዎች ልብስ በህግ ከለከለ፣ ህጉ የተነሳው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤደንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት የአቀባበሉ አዘጋጅ ሆነና ከተሜው ሁሉ ታርታን የሚባለውን ባለ ብዙ ቀለም መስመር የደጋ ጨርቅ ለብሶ እንዲወጣ አደረገ፣ ንጉሡም ለበሰ። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ቀለም አለው የሚለው ዝርዝር ስር የያዘው በዚያ ዘመን አካባቢ ነው። ማለት ጥንታዊ ነው ብለን የምናየው ነገር ትልቁን ክፍል ያገኘው ከፋብሪካና ከህትመት ዘመን ነው፣ ኤሪክ ሆብስባውምና ቴረንስ ሬንጀር በ1983 ባሳተሙት የጥናት ስብስብ ውስጥ ይሄ ጉዳይ በሰፊው ተነስቷል።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው በቃ ፈጠራ ነው፣ ውሸት ነው ብሎ ያቆማል፣ እኔ እዚያ ላይ እንዲቆም አልፈልግም። ኤደንብራ ውስጥ ሀብታሙ የደጋ ሰው መስሎ ሲለብስ በዚያው ዘመን እውነተኛዎቹ ደገኞች ለበግ ማርቢያ ሲባል ከመሬታቸው እየተፈናቀሉ ነበር። ልብሱ የከበረው የልብሱ ባለቤት እየተገፋ ባለበት ጊዜ ነው። በኋላ ደግሞ የተሰደዱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ያንኑ ልብስ በየሄዱበት በእውነተኛ ፍቅር ለበሱት፣ ሰርጋቸውም ቀብራቸውም ላይ። እነሱን ውሸት ነው የለበሳችሁት ልንላቸው ነው? ይሄ ጥያቄ ውስጥ ባህልም ዘመናዊነትም፣ መሬትም፣ ሀዘንም አለ።

አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የጥያቄ አወጣጡ ነው። «ምክንያቶቹን አብራራ» የሚል አሳይመንት የሚጠራው ዝርዝር ነው፣ አሁን ደግሞ ዝርዝር በሰከንድ የሚያወጣ ማሽን በየኪሳችን አለ፣ ዝርዝሩም አይከፋም። መምህራን ለሆናችሁ አንድ ልመና አለኝ፣ ጥያቄውን ወደ አንድ ሰነድ፣ ወደ አንድ ትዕይንት፣ ወደ አንድ ቀን አውርዱት፣ ተማሪው ያኔ ማንበብ ግድ ይሆንበታል፣ ካነበበ ደግሞ የሚለው አያጣም። መምህሩ ካላወረደው ተማሪው ራሱ ማውረድ ይችላል፣ ርዕሱን ሳይቀይር የመጀመሪያዋን ፓራግራፍ ላይ እኔ ይሄን በዚህ በኩል ነው የማየው ብሎ መጻፍ ይበቃል፣ ይሄን የሚከለክል መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን አብሬያት የምሰራት ተማሪ የደረሳት ርዕስ የአስራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ወረርሽኝ ነው፣ በ1347 ሲሲሊ ደርሶ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአውሮፓን ህዝብ ሲሶውን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ የጨረሰው። የወረርሽኙ ውጤቶች ይላል አሳይመንቱ። እሷ ግን ዝርዝሩን ትታ ሁለት የእንግሊዝ ህጎችን ይዛለች። የመጀመሪያው በ1349 የወጣ ነው፣ ሰራተኛ ከወረርሽኙ በፊት ይከፈለው ከነበረው በላይ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ሁለተኛው በ1351 የወጣ ነው፣ ያንኑ ይደግምና ሰራተኞቹ ህጉን ከምንም ሳይቆጥሩ ለምቾታቸውና ለስስታቸው ብለው ድሮ ይወስዱት የነበረውን እጥፍና ሶስት እጥፍ ካልተከፈላቸው አንሰራም ይላሉ ብሎ ያማርራል። ህጉን የጻፉት ባለመሬቶቹና የንጉሡ ሰዎች ናቸው፣ የሰራተኞቹን ሃሳብ በራሳቸው አፍ የጻፈልን ሰው የለም፣ ግን ምን ይጠይቁ እንደነበር ከዚህ ምሬት ውስጥ ይሰማል። እሷ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ናት፣ እና ትናንት ማታ የላከችልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ህጉ በ1349 ወጥቶ ከነበረ በ1351 ለምን ድጋሚ ማውጣት አስፈለጋቸው፣ በመሃል ያሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ እርሻው ላይ ማን ማንን ነበር የሚለምነው?